ለእማዬ የላክሁት እንጉዳይ

በልጅነቴ «እንጉዳይ» የሚለውን ቃል ከመስማቴ በፊት የማውቀው «የጅብ ጥላ» የሚለውን ነበር። ከዝናብ በኋላ በአንድ ሌሊት ብቅ የሚል፣ ሲነኩት የሚሰበር፣ ትልልቆቹ «እንዳትነኪው!» የሚሉበት ነገር። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጅብ የሚጠለልበት ጥላ ለሰው አይሆንም። ስለዚህ ለትምህርት ቻይና ሄጄ፣ አከራዬ በመስኮታቸው ደፍ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ እንጉዳይ እንደ ጌጥ አስቀምጠው ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ያው የልጅነት ስጋት ነበር። የመዳፍ ስፋት አለው፤ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ከጎኑ የወጣው አገዳ ጥቁር ቀይ ነው። ስሙን ስጠይቃቸው «ሊንግዢ» አሉኝና ቃሉን ለሁለት ከፍለው አስረዱኝ። «ሊንግ» መንፈስ ያለበት፣ ተአምር የሚሠራ ማለት ነው። «ዢ» የጥንት ሰዎች ለተባረከ ዕፅ የሰጡት ስም ነው። እኛ ለጅብ የተውነውን እነሱ ሞት ለማያገኛቸው ሰጥተውታል ብዬ ያን ዕለት ማታ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

የኖርኩት በሃንግዡ ነው፤ የዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ በምዕራብ ሐይቋ የምትታወቀው። አከራዬን እንደ ሀገሩ ደንብ «አዪ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ የሸክላ ማሰሯቸውን ይጥዳሉ። ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተከተፈና የደረቀ ሊንግዢ አውጥተው በትንሽ ሚዛን ይመዝናሉ፤ 9 ግራም፣ አይበልጥም፣ አያንስም። ቁራጮቹን አንስቼ አይቻቸዋለሁ። እንደ ቡሽ ይቀላሉ፤ ልሰብራቸው ስሞክር ግን እንደ እንጨት እምቢ ይላሉ። ሊንግዢን እንደ ሌላው እንጉዳይ ጠብሶ የሚበላ ሰው የሌለው ለዚህ ነው፤ ጥርስ አይደፍረውም። ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በለዘበ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል ይንተከተካል። አዪ የተቀቀለውን አይጥሉም፤ ውሃ ጨምረው ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጊዜ ያፈሉታል። ቤቱን የሚሞላው ሽታ የእርጥብ እንጨት ሽታ ነው። ጣዕሙ መራራ ነው፤ የምላስ ጫፍ ላይ የሚያልፍ ዓይነት ሳይሆን፣ ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ሥር ተቀምጦ የሚቆይ መራራ።

«ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አልተኛሁም» አሉኝ አንድ ቀን ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ይሄ እንቅልፍ አይሰጥሽም። ልብሽን ቁጭ ያደርግልሻል። ልብሽ ቁጭ ካለ እንቅልፉ በራሱ ይመጣል።»

ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዝገብ ሊንግዢን ሲያካትት፣ ከሚውልባቸው ነገሮች መጀመሪያ የጠቀሰው የልብና የመንፈስ አለመረጋጋትን፣ እንቅልፍ ማጣትንና የልብ ምት መፍጠንን ነው፤ ከዚያ ሳልንና የትንፋሽ ማጠርን፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትን ያስከትላል። ለቀን የተፈቀደው መጠን ከ6 እስከ 12 ግራም ነው። የአዪ 9 ግራም መሀል ላይ የተቀመጠ ነበር። መዝገቡን ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ፤ መጠኑ ከእናታቸው የደረሳቸው ነው።

«ልብን ቁጭ ማድረግ» የሚለው አባባል እኔ ጆሮ ላይ የተለየ ነገር ቀሰቀሰ። እማዬ ወደ ቻይና ከመሄዴ አንድ ዓመት በፊት የልብ ቫልቭ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። ከብረትና ከካርቦን የተሠራ ቫልቭ ነው የተገጠመላት። የዚህ ዓይነት ቫልቭ ሲዘጋ ድምፅ አለው፤ ቀን በሰው ጫጫታ ይዋጣል፣ ሌሊት ግን ጸጥታው ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ሳላደርግ አጠገቧ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ። «በደረቴ ውስጥ ሰው ያንኳኳል» ትለኝ ነበር። ልቧ ዳነ፤ እንቅልፏ ግን ጠፋ። እኔ በሌላ አህጉር ሆኜ በስልክ ድምፅዋን ስሰማ፣ ያልተኛችበትን ሌሊት ከአነጋገሯ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ነው የሊንግዢን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ፍለጋዬ ሚዛናዊ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። የምፈልገውን አስቀድሜ ወስኜ ነበር።

ለወሰነ ሰው ደግሞ ታሪኩ ለጋስ ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን እንደተጠናቀረ በሚታመነው፣ በአፈ ታሪካዊው ንጉሥ በሸንኖንግ ስም በሚጠራው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ 365 መድኃኒቶች በሦስት ማዕረግ ተከፍለዋል። ዝቅተኛው ማዕረግ በሽታ የሚያጠቁበት፣ መርዝነት ያላቸው መድኃኒቶች ናቸው። ከፍተኛው ማዕረግ ለረጅም ጊዜ ቢወሰዱ የማይጎዱ፣ ዕድሜ የሚያረዝሙ ናቸው። ሊንግዢ የተቀመጠው ከላይኞቹ ጋር ነው፤ ያውም በስድስት ቀለም ተከፍሎ። ቀዩ መራራ ነው ይላል፣ በደረት ውስጥ የተቋጠረን ነገር ይፈታል፣ ልብን ይጠቅማል፣ ማስተዋልን ይጨምራል። «በደረት ውስጥ የተቋጠረ» የሚለውን ሳነብ እማዬን አሰብኩ። ሌላ ማንን አስባለሁ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ109 ዓመት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘጠኝ አገዳ ያለው ሊንግዢ ስለበቀለ፣ ንጉሡ የሰማይ በረከት ነው ብሎ ለእስረኞች ምሕረት አድርጓል፤ ስለ እንጉዳዩም መዝሙር ተደርሷል። የበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅል ነገር የቤተ መንግሥት ምሰሶ ላይ ሲገኝ እኛ ጣሪያው ያፈሳል እንል ነበር፤ እነሱ ሰማይ ተናገረ አሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ሹማምንት ለነገሥታት ሊንግዢ በሺዎች እየሰበሰቡ ያቀርቡ ነበር። በሥዕል ከአጋዘንና ከሽመላ ጎን ይሣላል፤ የመኳንንት በትር ጫፍ በቅርጹ ይቀረጻል።

ሃንግዡ ውስጥ ግን ከነገሥታቱ ይልቅ የሚታወሰው የነጯ እባብ ተረት ነው፤ ታሪኩ የተፈጸመው እዚያው በምዕራብ ሐይቅ ዳር ነውና። አዪ ከሐይቁ ዳር ካለው ከሌይፈንግ ግንብ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። ነጯ እባብ ሴት ሆና ሰው ታገባለች። በበዓል ቀን ባሏ ያጠጣት ወይን እውነተኛ መልኳን ያወጣዋል፤ አልጋው ላይ ግዙፍ እባብ ያየው ባል ደንግጦ ይሞታል። እሷም ነፍሰ ጡር ሆና ወደ ቅዱስ ተራራ ወጥታ፣ ጠባቂዎቹን ተዋግታ፣ ሊንግዢውን ሰርቃ ታመጣለታለች። አፍልታ ታጠጣዋለች፤ ይነሣል። አዪ ተረቱን ሲጨርሱ «ሊንግዢው አይደለም ያዳነው፣ መሄዷ ነው» አሉ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት የሰማሁት መሄዷን ብቻ ነበር። የታመመ ሰው ያለው ሰው የሚፈልገው የሚወጣበት ተራራ ነው።

የእኔ ተራራ ሎንግቹዋን ሆነ። በዠጂያንግ ደቡብ ምዕራብ ያለች፣ በሰይፍና በአረንጓዴ ሸክላዋ ስሟ የወጣ፣ በሊንግዢዋም የምትታወቅ ተራራማ ከተማ ናት። የክፍል ጓደኛዬ አጎት እዚያ ሊንግዢ ያመርታሉ፤ በእረፍት ጊዜ ወሰደችኝ። በዱር ሊንግዢ ብርቅ ነው፤ ሰው በብዛት ማልማት የቻለው ባለፈው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሰውየው እንዴት እንደሚሠሩት አሳዩኝ። የጥድ ወገን ያልሆነ፣ ጠንካራ ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ግንድ በክንድ ልክ ይቆረጣል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ሌላ ፈንገስ ቀድሞ እንዳይሰፍርበት። ከዚያ የሊንግዢው ዘር ይጨመርበታል። ነጩ ድር እንጨቱን ወሮ እስኪጨርስ ወራት ይጠበቃል። በጸደይ ግንዶቹ ጥላ በለበሰ ዳስ ውስጥ አፈር ውስጥ ይቀበራሉ። አንዱ ግንድ ሁለትና ሦስት ዓመት ያፈራል።

ዳሱ ውስጥ ስገባ እንጉዳዮቹ ገና እያደጉ ነበር። ጫፋቸው ነጭ፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ መሀላቸው ቀይ። ነጩ ጫፍ ሲጠፋ አደጉ ማለት ነው። ከሥራቸው እንደ ሌላው እንጉዳይ ስንጥቅጥቅ ገጽ የላቸውም፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላው ገጽ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ዘራቸው፣ ስፖሩ፣ እንደ ካካዋ ዱቄት ሆኖ ይፈሳል። በሚቀጥለው ዳስ ያሉት ለስፖር የተተዉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ እንጉዳይ የወረቀት ጥቅል ለብሶ ቆሟል፤ ዱቄቱ በነፋስ እንዳይበተን። ቤት ሙሉ ልጆች ካፖርት ለብሰው የተሰለፉ ይመስላሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ጥግ የነበሩት ናቸው። ቆብ የላቸውም፤ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ እያወጡ ወደ ላይ ተመዘዋል። «ሌላ ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ያው ነው» አሉ ሰውየው፤ «አየር ያጣ ነው።» የታፈነ ቤት ውስጥ የራሱ ትንፋሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ሲጠራቀምበት ሊንግዢ ቆቡን አይዘረጋም። አየር እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ይመዘዛል።

ግማሽ ኪሎ የተከተፈ ሊንግዢና አንድ ሙሉ፣ ያልተከተፈ ገዛሁ። ሰውየው ቅርፊቱ የተሰበረ የስፖር ዱቄት ሊሸጡልኝ ነበር፤ የስፖሩ ግድግዳ ድርብና ጠንካራ ስለሆነ በመሣሪያ ካልተሰበረ ውስጡ ያለው አይወጣም ይላሉ። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለነበር ተውኩት። ያ ቀን አቅም ማጣቴ እንደጠቀመኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወደ ሀገር ቤት በሚሄድ ጓደኛዬ በኩል ላክሁት። ከነማብሰያው ዝርዝር፤ 9 ግራም፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። እማዬ በስልክ «ምን ዓይነት መራራ ነገር ነው ልጄ የላክሽልኝ» አለች፤ ግን ደስ ብሏት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «ትንሽ ሻል ብሎኛል፣ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ» ስትለኝ አለቀስኩ። ለአዪ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰረቀችውን ሊንግዢ ይዛ ከተራራ የወረደችውን ነጯን እባብ የሆንኩ መሰለኝ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ከአንድ የፋርማሲ ባለሙያ ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስንጫወት፣ እንደ የምሥራች ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እማማ ዋርፋሪን አይደል የሚወስዱት?» አለችኝ።

እንደ እማዬ ያለ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል፤ አለዚያ ደሙ በቫልቩ ላይ ይረጋል፣ የረጋው ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ መርጋት፣ ሲበዛ መድማት ነው። በመሀል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ እማዬ የደሟ መቅጠን በየወሩ የሚለካበት ቁጥር ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ሊንግዢ ደግሞ በላቦራቶሪ ውስጥ ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሶች፣ ፕሌትሌቶች፣ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ሊያደርግ እንደሚችል የታየ ነው። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሐኪሞች ግን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው እንዲርቀው፣ ቀዶ ጥገና ያለበትም ቀድሞ እንዲያቆም የሚመክሩት ለዚህ ነው። ይህ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ስለ ሊንግዢ ሁለት ወር ሳነብ ደጋግሜ አልፌዋለሁ። ዓይኔ እንቅልፍ የሚለውን ቃል ይፈልግ ነበር እንጂ ደም የሚለውን አይፈልግም ነበር።

በማግሥቱ ወንድሜ ወደ ሐኪም ወሰዳት። ጥርሷን ስትቦርሽ ድድዋ ይደማ እንደነበር፣ ክንዷም ላይ በልዞ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ቁጥሩ 4.6 ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ስልኩን ለሐኪሟ ሰጣት። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብላ «እናትዎ በዚሁ ሳምንት ለደረታቸው አንቲባዮቲክ ታዞላቸዋል። እሱም ይህን ቁጥር ከፍ ያደርጋል» አለችኝ። «ወይ አንቲባዮቲኩ ነው፣ ወይ እንጉዳዩ ነው፣ ወይ ሁለቱም ነው። አሁን በምን ለይቼ ልንገርዎት? እንጉዳዩን ብነገር ኖሮ አንቲባዮቲኩን ስሰጥ ቀኑን አሳጥሬ እለካቸው ነበር።»

እማዬን «ለምን አልነገርሻትም?» አልኳት። የመለሰችልኝን እስካሁን አልረሳሁትም፤ «ልጄ የላከችልኝን ሻይ ለሐኪም ምን ብዬ እነግራለሁ? ሻይ መድኃኒት ነው እንዴ?»

እዚህች ጥያቄ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ሐኪም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰው የሚቆጥረው ከፋርማሲ የመጣውን ነው። ከልጅ የመጣ፣ ከጎረቤት የመጣ፣ ከጸሎት ጋር የተሰጠ ነገር በዚያ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። በፍቅር የተሰጠ ስለሆነ ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ራሱ ሰጪውን መጠርጠር ይመስላል። እኔም የላክሁት በዚያው መንፈስ ነው፤ ሊንግዢ ልብ ላይ ይሠራል ብዬ እያመንኩ፣ ደም ላይ ግን ምንም አይሠራም ብዬ እንዴት አሰብኩ? ኃይል ካለው ኃይሉ የሚመርጥልኝ ወገን አይኖረውም።

ለአዪ ስነግራቸው ማሰሯቸውን አውርደው ተቀመጡ። «የደም መድኃኒት እንደምትወስድ መች ነገርሽኝ?» አሉኝ። «እኔ ጥርሴን ላስነቅል ስል እንኳ ሁለት ሳምንት አቆማለሁ።» በዚያ ማሰሮ ዙሪያ የነበረው ጥንቃቄ፣ ሚዛኑ፣ ሰዓቱ፣ መቼ እንደሚጠጣና መቼ እንደሚቆም፣ ሙሉው ዕውቀት ነበር። እኔ ከዚያ ውስጥ እንጉዳዩን ብቻ አንሥቼ ነው አሽጌ የላክሁት።

ከዚያ በኋላ እንደገና አነበብኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ከፍርሃት ጋር። ያልጠበቅሁትን ያገኘሁት ከቻይናውያኑ ራሳቸው ነው። ሊ ሺዠን እ.ኤ.አ. በ1578 አጠናቅቆ፣ ከሞተ በኋላ በ1596 የታተመለት ታላቁ የመድኃኒት መጽሐፍ ሊንግዢን በሰማያዊ ዕፀዋት ተርታ ሳይሆን በአትክልት ክፍል ነው ያስቀመጠው። የሚበቅለው ከበሰበሰ ነገር ትርፍ እንደሆነ፣ በሰው ገላ ላይ እንደሚወጣ ዕጢ እንደሆነ ይናገርና፣ ይህን የበረከት ምልክት ነው ማለት፣ በልቶም ከሞት ማምለጥ ይቻላል ማለት ከንቱ ስሕተት ነው ይላል። ይህን የጻፈው የማይሞት ሕይወት ፍለጋ ሊንግዢ ያስለቅም የነበረው ንጉሠ ነገሥት ጂያጂንግ በገዛበት ዘመን የኖረ ሐኪም ነው። ሆኖም መድኃኒቱን ከመጽሐፉ አልሰረዘውም። ስድስቱንም ቀለማት ከነጥቅማቸው መዝግቧል። የተረቱን ልብስ ገፎ መድኃኒቱን መተው፤ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

«ሁለት ሺህ ዓመት ያገለገለ» የሚለው የማሸጊያ ላይ ጽሑፍም እንደሚመስለው ለስላሳ አይደለም። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ቻይናዊ ጸሐፊ ገ ሆንግ «ዢ» ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ የድንጋይ፣ የእንጨት፣ የቅጠል፣ የሥጋ ዢ አሉበት፤ እንጉዳዩ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። ዓለም የሚያውቀው «ጋኖደርማ ሉሲደም» የሚለው ስም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1781 በእንግሊዝ ለተገኘ እንጉዳይ የተሰጠ ነው፤ «የሚያብረቀርቅ ቆዳ» ማለት ነው የመጀመሪያው ቃል። በቻይና የሚለማው ሌላ ዝርያ እንደሆነ ታውቆ «ጋኖደርማ ሊንግዢ» የሚል የራሱን ስም ያገኘው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ብዙ ጥናት የሁለቱን ስም ቀላቅሎ ይጠቀማል።

ውስጡ ስላለው ነገር ግን የሚያስደንቅ ሥራ ተሠርቷል። የመራራው ምንጭ ትራይተርፒን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ጋኖደሪክ አሲድ ኤ እና ቢ ብለው የመጀመሪያዎቹን ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በሙቅ ውሃ በደንብ የሚወጣው ደግሞ ቤታ ግሉካን የሚባለው ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚሠራው። የእኛ ሆድ ሊፈጨው አይችልም፤ የመከላከያ ሕዋሶቻችን ግን ያውቁታል። ፈንገስ ጠላትም ሊሆን ስለሚችል፣ በሕዋሶቹ ላይ ዴክቲን-1 የተባለ ቤታ ግሉካንን የሚለይ ተቀባይ አለ። ሲኒው ውስጥ ያለው ሊንግዢ፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ ዘበኛውን በሩን በማንኳኳት የሚያነቃ ነው እንጂ ራሱ ዘበኛ አይደለም።

መንቃቱ ምን ያህል ይጠቅማል? የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ኮክሬን በ2012 ያወጣውንና በ2016 ያደሰውን ግምገማ አንብቤዋለሁ። 5 ጥናቶች፣ 373 የካንሰር ሕሙማን። ሊንግዢ ብቻውን ዕጢ እንደሚያሳንስ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም፤ ዋናውን ሕክምና የሚተካበትም ምክንያት የለም። ከኬሞቴራፒ ወይም ከጨረር ጋር አብረው የወሰዱት ግን ለሕክምናው የተሻለ ምላሽ የመስጠት ዝንባሌ አሳይተዋል፤ አንዳንድ የመከላከያ ሕዋሶቻቸው ጨምረዋል፤ ኑሯቸውም የተሻለ ሆኖ ተሰምቷቸዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጥራታቸውም ደካማ ነው። ለእኔ ግን ይህ ጠቃሚ ዜና ነው፤ ለታማሚ «ከሐኪምሽ ሕክምና ጎን» ማለት «በሐኪምሽ ሕክምና ፋንታ» ከማለት የሚለየው በሕይወት ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት ይጠቅማል የሚሉት ግን አልተረጋገጠም፤ በ2015 በወጣው ግምገማ 398 ሰዎች የተሳተፉባቸው 5 ጥናቶች ተመዝነው የሚያስደግፍ አልተገኘም። ለድካምና ለዛለ መንፈስ ቻይና ውስጥ በ2005 የወጣ፣ 132 ሰዎች ለ8 ሳምንት የተሳተፉበት ጥናት አለ፤ የሊንግዢ ጭማቂውን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ ተሰምቷቸዋል። አንድ ጥናት ነው፣ የተጠናውም የተጣራ ጭማቂ ነው እንጂ የማሰሮ ውሃ አይደለም። አዪ ሐሰተኛ አልነበሩም ብዬ እንዳምን ግን በቂ ነው።

ያልገዛሁትን ዱቄት በተመለከተ፦ የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች በ2004፣ የታይላንድ ሐኪሞች በ2007 ከሊንግዢ ዱቄት ጋር ያያያዙትን ከባድ የጉበት ጉዳት አሳትመዋል፤ የታይላንዱ በሞት ነው ያበቃው። ጥቂት ሰዎች ናቸው። ግን እንጉዳዩን አፍልቶ ውሃውን መጠጣትና ሙሉውን ፈጭቶ መዋጥ አንድ እንዳልሆነ ያሳያሉ። በጠርሙስና በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ሥጋት አለበት። በ2017 በወጣ ጥናት በአሜሪካ ገበያ ከተገዙ 19 የሊንግዢ ምርቶች ይዘታቸው ከጽሑፋቸው ጋር የተስማማው 5ቱ ብቻ ነበሩ።

ከሃንግዡ ከመውጣቴ በፊት አዪ በ1874 የተመሠረተውን ሁ ቺንግ ዩ ታንግ የተባለ አሮጌ መድኃኒት ቤት አሳይተውኛል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በመሳቢያ የተሞላ ነው፤ ሻጮቹ መሳቢያውን ሳያዩ እጃቸውን ልከው የሚፈልጉትን ያወጣሉ። ደንበኛን የሚያሞግሱ ሰሌዳዎች ሁሉ ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። አንዱ ብቻ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ሠራተኞቹ እንዲያዩት። መሥራቹ ሁ ሹዌያን በ1878 የጻፈው ሁለት ቃል ነው፤ «ማታለል ክልክል»። ከሥሩ ቆሜ ስለ ነጋዴዎች ሳይሆን ስለ ራሴ አሰብኩ። እማዬን ማንም ነጋዴ አላታለላትም። እንጉዳዩም እውነተኛ ነበር።

የእማዬ ቁጥር በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስተካከለ። ሊንግዢውን አቆመች። ከዚያ ወዲህ የምንልክላትን ቅጠል፣ ቫይታሚን፣ ሻይ ሁሉ ወንድሜ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከመድኃኒት ካርዷ ጋር አያይዞታል፤ ሐኪሟም ታነበዋለች። እኔ ራሴ እንቅልፍ ሲከዳኝ አልፎ አልፎ 9 ግራም እመዝናለሁ፤ ጤነኛ ነኝ፣ ሌላ መድኃኒት አልወስድም፣ አፈላዋለሁ እንጂ ዱቄቱን አልነካም።

እንቅልፏን የመለሰላት ምን እንደሆነ ሳውቅ ግን ሳቅሁም፣ አዘንኩም። ወንድሜ በእጅ የሚሞላ፣ ድምፁ ጎላ ያለ አሮጌ ሰዓት ገዝቶ ራስጌዋ አስቀመጠላት። በጸጥታው ውስጥ የልቧ ጠቅታ ብቻውን መሆኑ ቀረ። «አሁን የትኛው የኔ፣ የትኛው የሰዓቱ እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። ከሎንግቹዋን የላክሁላት ያልተከተፈው ቀይ ሊንግዢም እዚያው ከሰዓቱ አጠገብ ነው። ማታ ሰዓቷን ስትሞላ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች።